ከማኅደር እስከ ስልክ፦ ለማንበብ ብቻ የተሠራ ዕቃ

(ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ የሌላችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።)

እዚህ ዘመሮ የምናስተምር ሰዎች ዘንድሮም ያው ክርክር ላይ ነን። ተማሪ ስልክ ይዞ ክፍል ይግባ ወይስ አይግባ? ይከልከል የሚለው ወገን ይበዛል፤ ምክንያትም አለው፣ ቲክቶክ የሚባል ነገር አለ። ችግሩ ግን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ከገባ ወዲህ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ተማሪ አልተዳረሰም። ብዙው ልጅ መጽሐፉን የሚያውቀው በስልክ፣ በፒዲኤፍ ነው። ስልኩን በር ላይ ስትቀበለው መጽሐፉንም አብረህ ተቀበልከው ማለት ነው። ይህን ስናገር አንድ ባልደረባዬ «እንግዲያው እንደ ፈረንጆቹ ለማንበቢያ ብቻ የሆነውን፣ ኪንድል የሚሉትን ማምጣት ነዋ!» አለኝ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ የታሪክ መምህር ነኝና ነገሩ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ላየው ፈለግሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ለማንበቢያ ብቻ የሆነ ዕቃ መንዝ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም። ዳዊትን ተመልከቱት። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ይወጠራል፣ እስኪነጣ ይፋቃል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፣ ቀዩ ለርእስና ለቅዱስ ስም ይቀመጣል። ቁም ጸሐፊው በሸምበቆ ብርዕ ስንት ወር ጎንበስ ብሎ ይጽፈዋል። ከተጠረዘ በኋላ ማኅደር ይሰፋለታል፤ ማንገቻ ያለው የቆዳ ቤት ነው። ቤት ውስጥ ከሆነ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ መንገድ ከሆነ ትከሻ ላይ ይነገታል። በላዩ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድገም።

ውስጡ ያለው ደግሞ ተመርጦ የገባ ነው። 150ው መዝሙር ከነ151ኛው፣ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያም። አንድ ሰው ለዕለት ጸሎቱ የሚያስፈልገው በአንድ ማኅደር ተሟልቶ ይገኛል። የበለጠ የሚገርመኝ ግን የገጹ አሠራር ነው። ሌሎቹ ትልልቅ የብራና መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ሲጻፉ መዝሙረ ዳዊት የሚጻፈው በአንድ ዓምድ ነው፤ አንዱ ሐረግ አንድ መስመር ይዞ ያልቃል። ዓይን ሳይባዝን፣ ጣት ሳይጠፋበት፣ እየተወዛወዙ ይነበባል። ጸሐፊው መጀመሪያ አንባቢውን አስቦ ነው ገጹን ያሰመረው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

(በነገራችን ላይ «ስክሮል» ማድረግም ለእኛ አዲስ አይደለም። ክታብ የምንለው ጠባብና ረጅም ብራና በባለቤቱ ቁመት ልክ ተቆርጦ የሚጠቀለል ነው። ልጆቹ በአውራ ጣታቸው የሚያደርጉትን አያቶቻችን በሁለት እጃቸው አድርገውታል።)

በሌላው ዓለም ሰው መጽሐፍን ወደ ማሽን ለማስገባት ሲሞክር የቆየው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ነው። ብራድሊ ፊስክ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል አድሚራል በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እጅግ ደቃቅ ሆኖ የታተመ ጽሑፍ በአንድ ዓይን በአጉሊ መነጽር የሚነበብበት የእጅ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ገበያው እምቢ አለው። እኔን ይበልጥ የነካችኝ ግን እስፔናዊቷ አንኸላ ሩዊስ ሮብሌስ ናት። መምህርት ነበረች፣ ያውም ፌሮል በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ። የተማሪዎቿ ቦርሳ መክበዱን አይታ «ሜካኒካል ኢንሳይክሎፒዲያ» ያለችውን መሣሪያ ፈጠረች፤ ጽሑፉ በጥቅል ላይ ሆኖ እየተሽከረከረ የሚያልፍ፣ የትምህርቱ ዓይነት ሲቀየር ጥቅሉ የሚቀየር ነበር። የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በብዛት የሚያመርትላት ግን አላገኘችም። አንዲት የክፍል መምህርት ከኪንድል 58 ዓመት በፊት የኪንድልን ሐሳብ ወረቀት ላይ አስፍራ ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ መጽሐፍ በመሣሪያ ውስጥ መነበብ የጀመረው በማይክሮፊልም ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ፤ አብዮቱ ሲመጣም አልቆመም። ከገዳማትና ከአድባራት፣ በተለይም ከሸዋ፣ በብዛት ተነሳ። በጠቅላላው ከ9000 በላይ የብራና መጻሕፍት ፊልም ላይ ገቡ፤ ቅጂውም ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። እዚያ ተቀምጠው አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ ካዘጋጁት መካከል ዋናው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ፤ ከ1976 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያው ሠርተው በ2013 ዓ.ም. አረፉ።

ማይክሮፊልም ታዲያ ያለ ማንበቢያ ማሽኑ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሸዋ ውስጥ ባለ ደብር የተጻፈውን መጽሐፍ ለማንበብ ማሽን ያለበት ከተማ መሄድ ግድ ነበር። ዛሬ እነዚያ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ተቀይረው በዚያው ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ተቀምጠዋል። ኔትወርክ ባለበት ቀን ተማሪዬ በቴክኖ ስልኩ ከፍቶ ያየዋል፣ ቀይ ቀለሙ ባይታይም (ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው)። ለማንበቢያ ብቻ የተሠራው ማሽን ቀረና ለሁሉ ነገር የተሠራው ስልክ ደረሰ። በዚህ ጉዳይ ላይ ስልክን መሳደብ ይከብደኛል።

አሁን ወደ ኪንድል። የኤሌክትሮኒክ ቀለም የሚባለው ጥበብ ያደገው ኤምአይቲ ውስጥ ነው፤ ኢ-ኢንክ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቋመ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። በእያንዳንዱ እንክብል ውስጥ ነጭና ጥቁር ብናኝ ይዋኛል። ኤሌክትሪክ ሲላክ ጥቁሩ ወይም ነጩ ወደ ላይ ይወጣል። አንዴ ከወጣ በኋላ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ባትሪ የሚበላው ገጽ ስትገልጥ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ሰዓት ብታፈጥ ምንም ያህል አያስከፍልህም። አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ሳምንታት የሚቆየው ለዚህ ነው። ብርሃንም የሚቀበለው እንደ ወረቀት ከውጭ ነው፤ ፀሐይ ላይ ስልክህ ሲጨልም እሱ ይበልጥ ይነበባል። መብራት ሄዶ መቼ እንደሚመለስ በማይታወቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እውነቱን ለመናገር ዕቃው ለእኛ ደጋ የታሰበ ነው የሚመስለው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ጃፓን ላይ አወጣው። አማዞን ደግሞ ኪንድልን ያወጣው ኅዳር 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ሚሊኒየሙን አክብረን ሁለት ወር አለፍ እንዳለን ማለት ነው። ዋጋው 399 ዶላር ነበር። ቀልድ አይደለም፣ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ተሽጦ አለቀ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት አይፎንም ወጥቷል። ሁለቱ ዕቃዎች፣ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራውና ሁሉን የሚሠራው፣ እኩያ ናቸው።

ታዲያ ኪንድል እኛ ጋ ለምን አልገባም? «ድህነት ነዋ» ብሎ መዝጋት ይቻላል፤ እኔ ግን ያ ብቻ አይመስለኝም። ከኪንድል የሚወደድ ስልክ ዘመሮ ገበያ ውስጥ ሞልቷል። ሦስት ነገሮች ተደራርበው ነው የዘጉት ባይ ነኝ። አንደኛው ክፍያ ነው፤ መጽሐፉን ከአማዞን ለመግዛት የውጭ ካርድ ይጠይቃል። ሁለተኛው ቋንቋ ነው፤ አማዞን ደራሲዎች ራሳቸው መጽሐፍ እንዲያሳትሙ ሲፈቅድ አማርኛ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ሳይገባ ቆየ። አማርኛ መጽሐፍ የሌለበትን ዕቃ ማን ይገዛዋል? ሦስተኛውና ማንም የማያነሳው የፊደላችን ታሪክ ነው።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት አገሩ የሚጽፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር። እነዚህ ፎንቶች የየራሳቸው ስውር ቋንቋ አላቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍተው ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድንፋታ ይሆናል፤ ያ ዘመን የደረሰበት ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል። ኒያላ የተባለው የዩኒኮድ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እስኪመጣ ድረስ ዋስትና የሚሰጠው አንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ ፒዲኤፍ ማድረግ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ይጓዛል። ወይም ደግሞ መጽሐፉን ስካን ማድረግ፣ ያው ፎቶ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ኢ-መጽሐፍ ከጅምሩ የገጽ ፎቶ ሆኖ አደገ። ኪንድልን ኪንድል ያደረገው ደግሞ ፊደሉን ስታተልቀው መስመሩ ራሱን እያጠፈ ከስክሪኑ ጋር መስማማቱ ነው። የእኛ ፋይል አይታጠፍም።

መሣሪያ ግን አልመጣም ማለት አይደለም። እዚያው 2000 ዓ.ም. ላይ «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የሚባለው አረንጓዴና ነጭ ኮምፒውተር በሺዎች ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ነበር፤ የአማርኛ ኪቦርድ ሁሉ ነበረው። ስክሪኑ ተገልብጦ ሲታጠፍ መጽሐፍ ማንበቢያ ይሆናል፣ ፀሐይ ላይም በጥቁርና ነጭ ይነበባል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ያው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዱ 20 ለሚሆኑ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን ሰጠ። ያለ አስተማሪ፣ በሶላር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፣ በወራት ውስጥ ደግሞ የተቆለፈውን ካሜራ ከፈቱት። ዓለም አጨበጨበ። እኔ መምህር ነኝና የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ልጅ ቁልፍ መፍታቱ ምን ይደንቃል? ረጅም ጽሑፍ ይዞ መጨረሱ ነው ጥያቄው። የሚገርመው በዚያ ሥራ ላይ ከተሳተፉት አንዷ ሜሪያን ዎልፍ የተባለችው የንባብ ተመራማሪ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው መጽሐፍ በስክሪን ላይ ቸኩሎ ማንበብ ጥልቅ ንባብን እንዳይሸረሽር የምትሰጋው እሷው ነች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም መጣ፣ ከባድ ፋይል ይልካል፣ የመጽሐፍ ቻናል አገሩን ሞላው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ኢትዮጵያን ጨምሮ በታዳጊ አገሮች በስልክ የሚያነቡ ከ4000 በላይ ሰዎችን ጠይቆ ባወጣው ጥናት፣ ከግማሽ የሚበልጡት በስልክ ማንበብ ከጀመሩ ወዲህ ንባባቸው መጨመሩን ተናግረዋል። ልክ ነው። ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ቀበሌ «በስልክ አታንብብ» ማለት «አታንብብ» ማለት ነው።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ቻናሉ ሁሉ ዝም አለ፤ ስልኩ ውስጥ የወረደው መጽሐፍ ግን አለ። ልጆቹ በዜንደር፣ በብሉቱዝ፣ በሚሞሪ ካርድ መለዋወጥ ጀመሩ። አንዱ ልጅ «የእከሌ ስልክ ላይ ሙሉው አለ» ተብሎ ይፈለጋል። ይህ እኮ ያው የድሮው ነው፤ እገሌ ደብር ጥሩ ቅጂ አለ ተብሎ መንገድ የሚኬድበት ዘመን። ልዩነቱ ስድስት ወር የሚፈጀው መገልበጥ ስድስት ሰከንድ ሆነ።

ባለቤትነትን በተመለከተ አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2009 አማዞን በመብት ጥያቄ ምክንያት የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እድር» ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። ሌላ መጽሐፍ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይወራም ነበር፤ መንግሥት የታሪክ ጽሑፍን እያቃጠለ ስለሚለውጥበት አገር የተጻፈው ልብ ወለድ ነው የተሰረዘው። አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለቤት ሥራ የያዘው ማስታወሻ አብሮ ከንቱ ሆነበትና ከሰሰ፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፣ ጉዳዩም በካሳ አለቀ። የእኛው «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ሲታገድ ከመደብር ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በዓመቱ የካቲት ወጥቶ ቀረ። ሰው ቤት የገባው ቅጂ ግን ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ፣ በምስጢር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ። ደርግ እንኳ ከሩቅ ሆኖ ሊሰርዘው አልቻለም።

ደራሲዎቻችን በበኩላቸው የሚሉት አላቸው። ዛሬ የወጣ መጽሐፍ ነገ ቴሌግራም ላይ በነፃ ይገኛል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 በሕይወት አለ፣ የሚያስፈጽመው ግን አይታይም። እንደ አፍሮ ሪድ ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች መጽሐፉን በሕጋዊ መንገድ በስልክ ለመሸጥ መሞከራቸው ጥሩ ነው። እኔ ተማሪዎቼን የመማሪያ መጽሐፍ ተቀባበሉ እላለሁ፤ የአንድን ደራሲ የሁለት ዓመት ልፋት ግን አልልም። እዚህ ላይ የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

እሺ፣ የትኛው ይሻላል? የእስፔን ተመራማሪዎች የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ሥራ ከ170 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን 54 ጥናቶች ደምሮ መርምሯል። መረጃ ሰጪ ጽሑፍ፣ በተለይ ሰዓት ተገድቦ ሲነበብ፣ ወረቀት ከስክሪን በልጦ ተገኘ። ልብ ወለድ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። በ2019 ደግሞ ኖርዌያዊቷ አነ ማንገን ከባልደረቦቿ ጋር 50 ሰዎችን አንድ ባለ 28 ገጽ ታሪክ፣ ግማሹን በወረቀት ግማሹን በኪንድል አስነበበች። መረዳታቸው በአብዛኛው እኩል ሆነ። የትኛው ድርጊት ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ ሲባል ግን የወረቀቶቹ ተሻሉ። የታሪክ መምህር ነኝና ቅደም ተከተል ሲባል ጆሮዬ ይቆማል! ምክንያቱ ይገባኛል፤ ወረቀት ላይ ግራ እጅህ ያነበብከውን፣ ቀኝ እጅህ የቀረህን ይይዛል። ስክሪን ላይ ሁሉም ገጽ አንድ ቦታ ነው።

ነገር ግን ባልደረባዬ ያለው ኪንድል ነገ በካርቶን ዘመሮ ቢደርስ እንኳ ችግራችን አይፈታም። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የኤ4 ገጽ ስፋቱ 21 ሳንቲሜትር ነው። የስልክ ስክሪን 7 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ገጹ በሦስተኛ ያንሳል፤ 12 ነጥብ የነበረው ፊደል 4 ነጥብ ይሆናል። ጉንዳን ነው! ልጁ በጣቱ ያጎላዋል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ መስመር ወደ ቀኝ ይገፋል፣ ወደ ግራ ይመልሳል። አንድ ገጽ ላይ 40 ጊዜ። እንዲህ እያነበበ የአንቀጹን ሐሳብ ይያዝ? ስድስት ኢንች ኪንድል ደግሞ ስፋቱ 9 ሳንቲሜትር ነው፤ ያው ፊደል 5 ነጥብ ቢሆን ነው። ከ4 ወደ 5 ለመድረስ ነው ያን ሁሉ ብር የምናወጣው? ትልቁ፣ ባለ 10 ኢንቹ ይሻላል፣ እሱ ግን የእኔን የወራት ደመወዝ ይጠይቃል።

ዳዊቱን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ቁም ጸሐፊው ገጹን ለአንባቢው ልክ ሰፋለት። እኛ ለጠረጴዛ የተሰፋውን ገጽ ለኪስ እየላክን ልጁ አያነብም እንላለን። ሌሊት ዝተቱን ተከናንቦ፣ የስክሪኑ ብርሃን ፊቱ ላይ እየበራ፣ 4 ነጥብ ፊደል የሚገፋ ልጅ አያነብም አይባልም።

ከመንፈቀ ዓመቱ ጀምሮ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የታሪክ ማስታወሻዬን በራሴ አገላለጽ፣ በዩኒኮድ እየጻፍኩ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ለሚከብዱ ቃላት የአማርኛ ፍቺ አለው። ፒዲኤፍ አላደረግሁትም፤ ፊደሉን ስታተልቁት መስመሩ ራሱ ይታጠፋል፣ ከዳር እስከ ዳር መግፋት የለም፣ መደቡን ጥቁር ማድረግም ይቻላል። ሁሉም ምዕራፍ ተደምሮ ከአንድ ፎቶ ያንሳል፣ በብሉቱዝ ወዲያው ያልፋል። ትምህርት ቤት በር ላይ የስልኩ ክርክር እስኪያልቅ የክፍል አለቆቹ ጋ አስቀምጫለሁ፤ ሞላሌና መሐል ሜዳ ያላችሁ መምህራን የምትፈልጉ ካላችሁ ገበያ ቀን ሰው ላኩ፣ በሚሞሪ እሰጣለሁ።

እምቢ ያሉኝ ካርታዎቹ ብቻ ናቸው። ወደ ዓድዋ የዘመተውን ጦር መንገድ በ7 ሳንቲሜትር ማሳየት አልቻልኩም፤ እሱን በወረቀት አስነስቼ ከሰሌዳው ጎን ለጥፌዋለሁ።